ጨውና ስኳር በአንድ በር

«ሕዋስ» የሚለው ቃል ከእኛ በፊት በዚህ የስደት መንገድ ላለፈው ትውልድ የሰውነት ክፍል ስም ብቻ አልነበረም። ጥቂት ሰዎች መጋረጃ ጋርደው የሚሰበሰቡበት፣ አንዱ የሌላውን እውነተኛ ስም የማያውቅበት፣ የገባ ምሥጢር ተመልሶ የማይወጣበት የኅቡዕ ድርጅት መሠረት ነበር። እኛም የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎች እንደመሆናችን ቃሉን መጀመሪያ ያወቅነው በዚሁ ትርጉሙ ነው። ዛሬ ግን የምንጽፈው በዓይን ስለማይታየው፣ የአንጀታችንን ግድግዳ ስላለበሰው ሕያው ሕዋስ ነው። አንባቢ «ይህስ የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ድርሻ አይደለምን?» ቢለን አይፈረድበትም። ታሪኩን እስከ ጫፉ ስንከተለው ግን የደረስነው ከራሳችን የትምህርት ዘርፍ ጥያቄ ላይ ሆነ። አንድ ዕውቀት ከተገኘ በኋላ ከሚያስፈልገው ሰው እጅ እስኪገባ ድረስ ስለምን ይዘገያል? በመንገዱ ላይ ቆሞ የሚያዘገየውስ ማን ነው? (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ጥቂት ወደኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በ1748 ኖሌ የተባለ ፈረንሳዊ ቄስና የፊዚክስ ሊቅ አንድ ዕቃ በአልኮል ሞልቶ አፉን በአሳማ ፊኛ ወጥሮ አሰረና ውሃ ውስጥ ነከረው። ከሰዓታት በኋላ ፊኛው ሊፈነዳ እስኪደርስ ተነፍቶ አገኘው። ውሃው ፊኛውን አልፎ ወደ አልኮሉ ገብቶ ነበር። ውሃ ከቀጭኑ ድብልቅ ወደ ወፍራሙ የሚሳብበት ይህ ጠባይ በኋላ ኦስሞሲስ ተባለ። ባልትና የሚያውቁ እናቶቻችን ሥጋ በጨው ሲያሹ ውሃው ከሥጋው ሲወጣ የሚያዩት ይኸው ነው።

ሕዋስን ከውጭው ዓለም የሚለየው ሽፋን ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን ተጨማሪ አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ወሰደ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በዙሪክ ይሠራ የነበረው ኦቨርተን በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ንጥረ ነገሮችን ሞክሮ፣ በዘይት የሚሟሟው ወደ ሕዋስ በቀላሉ ሲገባ በዘይት የማይሟሟው ግን እንደሚቸገር ተመለከተ። ስለሆነም ሽፋኑ ከቅባት የተሠራ መሆን አለበት አለ። በ1925 ሁለት የኔዘርላንድ ሳይንቲስቶች፣ ጎርተርና ግሬንደል፣ ከቀይ የደም ሕዋሳት ቅባቱን አውጥተው በውሃ ላይ ሲዘረጉት ስፋቱ የሕዋሳቱን ገጽ ሁለት እጥፍ ያህል ሆኖ አገኙት። ሽፋኑ ድርብ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን እንቆቅልሽ መጣ። ጨውም ስኳርም በቅባት አይሟሙም። ታዲያ ሰው የሚኖረው በእነርሱ ሆኖ ሳለ በየት በኩል ይገባሉ?

መልሱ ሽፋኑ በሮች አሉት የሚል ነው። በሮቹ ፕሮቲኖች ናቸው፤ አንዳንዶቹም ኃይል እያወጡ የሚሠሩ ማሽኖች ናቸው። ዴንማርካዊው የንስ ስኮው በ1957 ከባሕር ዳር ሸርጣን ነርቭ ላይ ያገኘው ማሽን ሦስት የሶዲየም ቅንጣት ከሕዋሱ ወደ ውጭ ሲያስወጣ ሁለት የፖታሲየም ቅንጣት ወደ ውስጥ ያስገባል። ሌት ተቀን ይህንኑ ይሠራል። ሶዲየም ማለት ከወጣችን ጨው ግማሹ አካል ነው። እንግዲህ በእያንዳንዱ ሕዋሳችን ውስጥ ሶዲየም ምንጊዜም ጥቂት፣ ከውጭ ግን ብዙ ነው። ብዙ ያለበት ጥቂት ወዳለበት መግባት ይፈልጋል። ይህ ግፊት ለብዙ ሥራ የሚውል ጉልበት ነው። (ስኮው ለዚህ ሥራው የኖቤል ሽልማት ያገኘው በ1997፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ነው።)

ጉልበቱ ለምን እንደሚውል ያመለከተው አሜሪካዊው ሮበርት ክሬን ነው። በነሐሴ 1960 በፕራግ በተደረገ ጉባኤ ላይ አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ ሐሳቡንም የሚያሳይ ሥዕል ነደፈ። ግሉኮስ የተባለው ስኳር ወደ አንጀት ሕዋስ የሚገባበት በር አለ፤ ይሁን እንጂ በሩ ግሉኮስን ብቻውን አያስገባም፤ ሶዲየም አብሮት ሲመጣ ነው። ሶዲየም በስኮው ማሽን የተነሣ ወደ ውስጥ ለመግባት ይጣደፋልና ስኳሩን ይዞት ይገባል። ሁለቱ ከገቡ ደግሞ ውሃ በኖሌ ሕግ ይከተላቸዋል። ይህንን ነገር ገልብጦ ማየት ይገባል። ጨው ለስኳር በር እንደሚከፍት ሁሉ ስኳርም ለጨው ይከፍታል። የክሬን ፍላጎት ስኳር እንዴት እንደሚገባ ማወቅ ነበር። ከዚያ ጉባኤ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀው በየዓመቱ በጥማት ይሞቱ ለነበሩት ሰዎች ግን የሚያስፈልገው ጨውና ውሃ እንዴት እንደሚገባ ነበር።

በጥማት ያልነው በዘፈቀደ አይደለም። ኮሌራ የሚገድለው ሰውነትን በማድረቅ ነው። ባክቴሪያው በአንጀት ውስጥ የሚያመነጨው መርዝ የክሎራይድን በር ከፍቶ እንዳይዘጋ ያደርገዋል፤ ክሎራይድ ሲወጣ ሶዲየምና ውሃ ይከተሉታል። አንድ ጤነኛ ሰው በአንድ ቀን ከ10 ሊትር በላይ ፈሳሽ ሊያጣ፣ ጧት ቆሞ የሄደ ማታ ሬሳ ሊሆን ይችላል። ካልታከመ ክፉኛ ከተያዘው ግማሹና ከዚያም በላይ ይሞታል።

የሚጠፋው ውሃና ጨው መሆኑ በጣም ቀደም ብሎ ታውቋል። በ1831 በሽታው እንግሊዝ ሲገባ የ22 ዓመቱ አየርላንዳዊ ሐኪም ኦሾኔሲ የታማሚዎችን ደም መርምሮ ውሃውና ጨው የሆነው ክፍሉ እንደጎደለ ጻፈ። በተከታዩ ዓመት ቶማስ ላታ የተባለ የስኮትላንድ ሐኪም ያንን አንብቦ ጨው ያለበትን ውሃ በቀጥታ ወደ ደም ሥር ማስገባት ጀመረ። የመጀመሪያዋ ታማሚው አሮጊት ነበሩ፤ ሞተዋል ተብለው ሊተው ጥቂት የቀራቸው ነበሩ። ፈሳሹ ሲገባ ዓይናቸው በራ፣ ድምፃቸው ተመለሰ። ላታ ለሆስፒታሉ ሐኪም አደራ ብሎ ሄደ። በሽታው ሲያገረሽ ያ ሐኪም ፈሳሹን አልደገመላቸውም፤ ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ ሞቱ። ላታ ራሱ በ1833 ሞተ፤ ዘዴውም ከብዙ አሥርት ዓመታት በላይ ተረሳ። ኦሾኔሲ ደግሞ ሥራ ፍለጋ ወደ ካልካታ ሄደና በመጨረሻ የሕንድን የቴሌግራፍ መስመር በመዘርጋት ታወቀ። ይህንን ምፀት የፈጠረው ታሪክ ራሱ ነው፤ ኮሌራ የሚገድለው ምን እንደሚያጎድል መጀመሪያ ያየው ሰው ወደ ኮሌራ አገር ሄዶ ሽቦ ዘረጋ።

በ20ኛው መቶ ዓመት በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ተመልሶ መጣ፤ ሰውንም በእርግጥ አዳነ። ነገር ግን ንጹሕ ፈሳሽ፣ መርፌ፣ ጠርሙስ፣ መንገድ፣ የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። አንድ ክፉኛ የታመመ ሰው ብዙ ሊትር ይፈጃል። ኮሌራ ግን የሚገባው ይህ ሁሉ ከሌለበት ስፍራ ነው። በአገራችን በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽን ሁሉ ሕዝቡ «ግሉኮስ» ብሎ ይጠራዋል፤ ዘመድ ሲታመም «ግሉኮስ ተተከለለት» ሲባል ቤተሰቡ ዕፎይ ይላል። ስሙን ስንሰማ ፈገግ ብለናል፤ ምክንያቱም ያው ግሉኮስ በጽዋ ቢጠጣ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማወቅ ዓለም የፈጀውን ጊዜ እናውቃለን።

ፈሳሹን ማጠጣት ለምን አልታሰበም? በእርግጥ ታስቦ ነበር። በ1953 ካልካታ ውስጥ ሄሜንድራ ናት ቻተርጂ የተባሉ ሐኪም ቀለል ያለ ኮሌራ የያዛቸውን 186 ታማሚዎች ጨውና ግሉኮስ የተቀላቀለበት ውሃ እያጠጡ፣ የቅጠል ጭማቂም እየጨመሩ ማከማቸውን በላንሴት መጽሔት አሳተሙ። ማንም አልተከተላቸውም። ማነጻጸሪያ የሚሆን ሌላ ቡድን አልነበራቸውም የሚለው ነቀፋ ተገቢ ነው። ያም ሆኖ ነቀፋ ያለው ሰው ሙከራውን በተሻለ ሁኔታ ደግሞ ማየት ይችል ነበር፤ ለአሥር ዓመት ያህል ግን ጉዳዩ ችላ ተባለ። ሐኪሞች በጊዜው የሚያምኑት ኮሌራ የአንጀትን ግድግዳ ልጦ እንደሚያወድቅ፣ ወይም ሶዲየምን የሚያስገባውን መንገድ ጨርሶ እንደሚመርዝ ነበርና፣ የሚጠጣ ፈሳሽ ከንቱ መሰላቸው። ግድግዳው እንዳልተላጠ የታወቀው በ1960 ከታማሚዎች አንጀት ናሙና ተወስዶ ሲታይ ነው። የመርዙን ተግባር በጥንቸል አንጀት ላይ ያሳዩት ደግሞ፣ ዳግመኛ በካልካታ፣ ሳምቡ ናት ዴ በ1959 ነበሩ። ክሎራይድን የሚያፈስሰው በር ሲበላሽ የክሬን በር ጤነኛ ሆኖ እንደሚቆይ፣ ማለትም በአንድ ሕዋስ ላይ ውሃ የሚወጣበትና ውሃ የሚገባበት በር የተለያዩ እንደሆኑ፣ ከዚያ ወዲያ ነው በሐኪሞች ዘንድ የታመነው።

እዚህ ላይ የፍርድ ሚዛናችንን ማስተካከል ያስፈልጋል። የዘገዩትን ሁሉ ክፉዎች ናቸው ማለት ቀላል ነው። አሜሪካዊው የባሕር ኃይል ሐኪም ሮበርት ፊሊፕስ በ1962 በማኒላ ጨውና ግሉኮስ የተቀላቀለበት ፈሳሽ ሲጠጣ ወደ ሰውነት እንደሚገባ በዓይኑ ተመልክቶ ነበር። ይሁንና ሙከራውን ባሰፋ ጊዜ የድብልቁ መጠን የተስተካከለ አልነበረምና ታማሚዎች ሞቱበት። ድብልቁ ከልክ በላይ ሲወፍር ኖሌ ያየው ነገር በተቃራኒው ይሠራል፤ ውሃ ከሰውነት ወደ አንጀት ይሳባል። ፊሊፕስ ከዚያ በኋላ እጅግ ጠንቃቃ ሆነ። ጥንቃቄው የሰው ሬሳ ያየ ሰው ጥንቃቄ ነው፤ ልንሳለቅበት አንችልም። ሆኖም ሳይታከሙ የሚሞቱት በማንም መዝገብ ስለማይጻፉ፣ በሙከራ የሞቱት ጥቂቶች ብቻ ለሕሊና ይከብዳሉ።

በ1968 በዳካ፣ ያኔ ምሥራቅ ፓኪስታን በሚባለው አገር፣ በኮሌራ ምርምር ጣቢያው ይሠሩ የነበሩት ሁለት ወጣት አሜሪካውያን፣ ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ፣ ከራፊቁል ኢስላምና ከማጂድ ሞላ ጋር ሆነው ቁልፉን አገኙት። ቁልፉ ቀላል ነበር። ከታማሚው የወጣውን እየለኩ ያንኑ ያህል ማጠጣት። መኻሉ የተቀደደ የሸራ አልጋ፣ ከሥሩ ባልዲ፣ በባልዲው ላይ ምልክት። በ29 ታማሚዎች ላይ ባደረጉት ሙከራ በደም ሥር መሰጠት የሚያስፈልገው ፈሳሽ 80 ከመቶ ያህል ቀነሰ። ናሊን ያኔ 26 ዓመቱ ነበር፤ ማለትም ይህን መጽሔት ከሚያነቡት ከብዙዎቻችን ዕድሜ ያነሰ። የቤንጋላውያኑን ስም አብረን የጻፍነው ሆን ብለን ነው፤ ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚቀረው የእነርሱ ስም ነውና።

ሙከራው በሆስፒታል፣ በሐኪም ዓይን ሥር ተደረገ። በጦርነትና በጭቃ መካከልስ? ይህንን ጥያቄ የመለሰው ሐኪም አስቦ ያዘጋጀው ጉባኤ አልነበረም።

በመጋቢት 1971 የፓኪስታን ጦር በምሥራቅ ቤንጋል ሕዝብ ላይ ዘመቻ ጀመረ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ሕንድ ገባ። ክረምቱ ከበደ፤ ኮሌራ መጣ። ከድንበሩ አጠገብ ባለችው በቦንጋዎን ከተማ ሆስፒታል፣ ከጆንስ ሆፕኪንስ የካልካታ የምርምር ማዕከል የተላኩት ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ በሰኔ መጨረሻ ደረሱ። ሁለት ክፍል፣ አሥራ ስድስት አልጋ። ታማሚው ወለሉን ሞልቶታል። ሐኪሙ በኋላ እንደተናገሩት፣ ለታማሚ መርፌ ለመትከል በዓይነ ምድርና በትውከት መካከል መንበርከክ ነበረባቸው። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሊያልቅ እንደሆነ ታየ፤ ፈሳሹን መስጠት የሚያውቁ ሠራተኞችም ሁለት ብቻ ነበሩ።

ማሃላናቢስ የወሰኑት ውሳኔ በሳይንስ መጽሐፍ አልተፈቀደም ነበር። በሐኪም ቁጥጥር ሥር ብቻ የተሞከረውን ነገር ያለ ሐኪም ለሕዝብ መስጠት። በካልካታ ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ለአንድ ሊትር ውሃ 22 ግራም ግሉኮስ፣ 3.5 ግራም የገበታ ጨውና 2.5 ግራም ቤኪንግ ሶዳ እየተመዘነ በፕላስቲክ ከረጢት ተሞላ፤ ከረጢቱም በጋለ ብረት ታሸገ። በመጠለያው ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል ተደርድሮ ድብልቁ ተበጠበጠበት። ከዚያም እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ ማንም ጤነኛ ዘመድ ጣሳውን ይዞ መጥቶ እየቀዳ ታማሚውን እንዲያጠጣ ተነገረው። «መድኃኒት» ብለው አልጠሩትም፤ «የሚጠጣ ጨው ውሃ» ነው ያሉት። አንድ ሕፃን ምን ያህል ይጠጣ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሕፃኑ ራሱ ነበር። ጥም ያለበት ይጠጣል፤ የረካ ያቆማል።

በሁለት ወር ውስጥ ከ3,000 በላይ ታማሚዎች በዚህ መልክ ታከሙ። በደም ሥር ፈሳሽ ብቻ ይታመን በነበረበት ጊዜ ከመቶ 30 ያህል ይሞት የነበረው ወደ 3.6 ወረደ። የአዘገጃጀቱን መመሪያ የያዘ ወረቀት በድንበሩ አካባቢ ተበተነ። ለእኛ፣ በስደት ለምንጽፍ ሰዎች፣ ከሁሉ ይልቅ የገረመን ደግሞ ይህ ነው፤ መመሪያው በባንግላዴሽ የነጻነት ታጋዮች ኅቡዕ ራዲዮም ተሰራጨ። የጦር ግንባር ዜና፣ መግለጫና የማንቂያ ቃል በሚነበብበት ማዕበል ላይ አንድ ሰው ስንት ግራም ጨው በስንት ሊትር ውሃ እንደሚበጠበጥ ለሕዝቡ ያነብ ነበር። እኛ ለሕዝብ ብለን የጻፍናቸው በራሪ ወረቀቶች ስንት ናቸው? ከእነርሱ ውስጥ አንዲት እናት አንብባ ያን ዕለት ማታ ልትሠራበት የምትችለው አንድ ዐረፍተ ነገር ያለበትስ?

የማሃላናቢስ ጽሑፍ በመጀመሪያ በአሳታሚዎች ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም፤ የታተመው በ1973 ነው። ከዓለም ጤና ድርጅት የመጣው ዲማን ባሩዋ ግን መጠለያውን በዓይኑ አይቶ ነበርና ነገሩን በድርጅቱ ውስጥ ይዞት ተሟገተ። በ1978 ላንሴት በርእሰ አንቀጹ ስኳርና ጨው በአንድ በር መግባታቸው መታወቁ ምናልባትም የመቶ ዓመቱ ትልቁ የሕክምና እመርታ ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። በዚያው ዘመን ድርጅቱና ዩኒሴፍ ከረጢቱን ለዓለም ማዳረስ ጀመሩ። ከፕራግ እስከዚህ 18 ዓመት፤ ከቻተርጂ እስከዚህ 25 ዓመት።

ይሁንና ከረጢት ማምረትና ዕውቀትን ማሳለፍ ሁለት ነገሮች ናቸው። ይህንን እንደ ባንግላዴሽ ያስተማረን አገር የለም። ከነጻነቱ በኋላ በፋዝሌ ሐሰን አቤድ የተመሠረተው ብራክ የተባለው ድርጅት ከ1980 እስከ 1990 ባለው ጊዜ ወደ 12 ሚሊዮን ቤቶች ሴቶች ሠራተኞችን ላከ። ከረጢት አልያዙም፤ በየቤቱ ካለው ነገር እንዲሠራ ነበር የሚያስተምሩት፤ በሦስት ጣት የተቆነጠረ ጨው፣ አንድ እፍኝ ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር፣ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ። የሠራተኛዋ ደመወዝ የሚታሰበው በሄደችባቸው ቤቶች ብዛት ሳይሆን፣ ከሳምንታት በኋላ ሌላ ሰው ሄዶ ሲጠይቅ እናትየዋ ምን ያህል እንዳስታወሰችና የሠራችው ድብልቅ ትክክል እንደሆነ ተመርምሮ ነበር። ስለ ሕዝብ ማንቃት ብዙ ጽሑፍ አንብበናል፤ ደመወዙን በተማሪው መረዳት ላይ ያስቀመጠ አስተማሪ ግን ከዚህ በስተቀር አላጋጠመንም።

ከዚህም የሚበልጥ ትምህርት ያለው በውድቀታቸው ላይ ነው። እናቶቹ ትምህርቱን በቃላቸው ያውቁታል፤ ልጅ ሲያስቀምጠው ግን ጥቂቶቹ ብቻ ይሠሩበታል። ምክንያቱ ሲመረመር ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ሲታመሙ ይህንን ውሃ እንደማይጠጡት፣ ክኒን እንደሚፈልጉ ታወቀ። የማያምን ሰባኪ! ስለዚህ ሠራተኞቹ ወደ ምርምር ጣቢያው ተወስደው በር ሕዋስ ላይ ምን እንደሚደረግ፣ ፈሳሹ ለምን እንደሚገባ ተነገራቸው፤ የዳኑትንም ታማሚዎች አዩ። ማለትም የክሬን ሥዕል በሃያ ዓመቱ በገጠር ከምትሠራ ወጣት እጅ ገባ። የየቤቱ ወንዶችም በበኩላቸው እኛ ሳንጠየቅ ሚስቶቻችን ምን ተማሩ ብለው አኩርፈው ነበርና፣ በገበያና በመስጊድ ለእነርሱም ማስተማር አስፈለገ። ከዚያ በኋላ ነው ዘዴው ሥር የሰደደው።

በዓለም ላይ ወደ 1980 ገደማ በየዓመቱ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናት በተቅማጥ ይሞቱ እንደነበር ይገመታል፤ ዛሬ ቁጥሩ ከግማሽ ሚሊዮን በታች ነው። ለዚህ ምክንያቱ ጨውና ስኳር ብቻ አይደለም፤ ክትባት፣ ንጹሕ ውሃና ምግብም ድርሻ አላቸው። ደግሞም ርካሽ መድኃኒት ለሰነፍ መንግሥት መጠጊያ ሊሆን ይችላል። ከረጢት ያደለ ባለሥልጣን የውሃ ቧንቧ ያልዘረጋበትን ዓመት ሊሸፍንበት ይችላልና፣ ይህንን መዘንጋት አይገባም። ድብልቁ ራሱም ተሻሽሏል። በ2002 የግሉኮሱ መጠን ወደ 13.5 ግራም፣ ጨው ወደ 2.6 ግራም እንዲቀንስ ተደረገ፤ ቀጠን ሲል ውሃው በቀለለ ሁኔታ እንደሚገባ ታይቶ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ኮሌራ በዚህ ዘመን ማዕበሉ አፍሪካን በመታበት በ1970 ኢትዮጵያም ገባ። በ1985 ደግሞ ከረሃብና ከጦርነት ሸሽቶ ምሥራቅ ሱዳን የገባውን ወገናችንን በሻገራብ መጠለያ አገኘው። በአገር ቤት ከረጢቱ «ለምለም» በሚለው ስም ታወቀ፤ ከስም ሁሉ የሚያምር ስም። የበሽታው ስም ግን ሌላ ታሪክ አለው። በ2006ም ሆነ በ2016 እና በ2017 ወረርሽኝ ሲነሣ ባለሥልጣኖች «ኮሌራ» የሚለውን ቃል ሸሽተው «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ይሉት ነበር፤ ሕዝቡም በአኅጽሮት «አተት» አለው። ኮሌራ አለብኝ ያለ አገር ንግዱና እንግዳው ይሸሸዋል የሚለው ፍርሃት ከእኛ አገር ብቻ አይደለም፤ በ1970 ከብዙ የአፍሪካ መንግሥታት ዘንድም ታይቷል። በኋላ በሽታው በስሙ መጠራት ጀመረ፤ በነሐሴ 2022 በባሌ የተነሣውም ኮሌራ ተብሎ ተነገረ። ሕክምናው በሁለቱም ስም አንድ ዓይነት ነው የሚሉን አሉ። ለሕዋሱ አዎን አንድ ነው። ለመንደሩ ግን አይደለም፤ ስሙን የሰማ ሰው ውሃውን አፍልቶ ይጠጣል፤ ጎረቤቱንም ያስጠነቅቃል፤ ያልሰማው ሰው ግን እንደ ወትሮው ተቅማጥ ቆጥሮት እስኪነጋ ይጠብቃል። በኮሌራ ደግሞ እስኪነጋ መጠበቅ አይቻልም።

ማሃላናቢስ በጥቅምት 2022 በ87 ዓመታቸው በካልካታ ዐረፉ። የሕንድ መንግሥት ከታላላቆቹ የክብር ኒሻኖች አንዱን የሰጣቸው ከሞቱ በኋላ፣ በጥር 2023 ነው።

ይህንን ጽሑፍ በምናዘጋጅበት ጊዜ በምንኖርበት ከተማ ባለው የኢትዮጵያውያን አዳራሽ ከአንድ አባት ጋር ስንጨዋወት በ1985 በምሥራቅ ሱዳን በኩል ያለፉ መሆናቸውን ነገሩን። ስለ ፕራግም ስለ ቦንጋዎንም ሰምተው አያውቁም። በመጠለያው ውስጥ ግን በርሜል እንደነበረ፣ በጣሳ እየቀዱ ታናሽ እኅታቸውን ሌሊቱን ሙሉ በማንኪያ ሲያጠጡ እንዳደሩ፣ እኅታቸውም እንደተረፈች አጫወቱን። ጣዕሙ እንዴት ነበር ብንላቸው ጥቂት አሰቡና እንደ እንባ ነው አሉ። በርሜሉ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ሳምንት ግን ታናሽ ወንድማቸውን ቀብረዋል። በውስጡ የነበረው ምን እንደሆነ ጠየቁን፤ ነገርናቸው። ያን ጊዜ ይታወቅ ነበር ወይ አሉን። አባታችን፣ ከዚያ በፊት ከ14 ዓመት ጀምሮ ይታወቅ ነበር አልናቸው። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም መጠኑን በወረቀት እንድንጽፍላቸው ለመኑንና ጻፍንላቸው፦ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም ልክ ብሎ የተስተካከለ እንጂ የተከመረ ያልሆነ።